ወረቀቱ «ላሰሬሽን» ሲል፦ የተቀደደ ቁስልን በትክክለኛው የአማርኛ ቃል የመጻፍ አሠራር

የሕክምና ወረቀት መተርጎም ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ስለ አንድ ቃል የምጠየቀውን ያህል ስለ ሌላ ቃል ተጠይቄ አላውቅም። «ወረቀቱ ላሰሬሽን ይላል። ተቆርጧል ብለን እንጻፈው?» አንዳንዴ እናት ትደውላለች። አንዳንዴ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ የቆመ ጎረቤት ይደውላል። ውጭ አገር ሆስፒታል ውስጥ ለአባቱ የሚያስተረጉም ልጅም ይደውላል። ሁሉንም የምላቸው አንድ ነው፦ ቆዩ፣ «ተቆርጧል» ብላችሁ አትጻፉ።

ላሰሬሽን ማለት ሰውነት ሲመታ፣ ሲጨፈለቅ፣ ሲጎተት ወይም ሲወጠር ተቀድዶ የሚከፈት ቁስል ነው። ስለት የቆረጠው ቁስል ሌላ ነው፣ የራሱ መጠሪያም አለው። «ተቆርጧል» ብላችሁ ስትጽፉ ሐኪሙ ያላየውን ቢላ ወረቀቱ ውስጥ ትጨምራላችሁ። ደረጃ ላይ የወደቀው ሰው በስለት የተጠቃ ይመስላል። በድንጋይ የተመታው ደግሞ ምስክሮቹ «ድንጋይ» ሲሉ ወረቀቱ «ስለት» ይልበታል፣ ቃላቸውም ይጠረጠራል።

ችግሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ብዙ ሐኪሞች ላሰሬሽን የሚለውን ለማንኛውም የተከፈተ ቁስል ይጠቀሙበታል፣ ቢላ የቆረጠውንም ጨምሮ። ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ጉዳትን የሚመረምረው የፎረንሲክ ሐኪም ግን ቃሉን በጥብቅ ትርጉሙ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ቃሉን ብቻ አይቶ መተርጎም አይቻልም። ከታች ያለው እኔ ራሴ የምከተለው አሠራር ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ዋናው የሐኪም ወረቀት ወይም አራቱም ጠርዙ የሚታይ ጥርት ያለ ፎቶው
- ካለ፣ ቁስሉ ከታጠበ በኋላና ከመሰፋቱ በፊት የተነሳ ፎቶ። ከጎኑ ማስመሪያ ቢኖር በጣም ጥሩ ነው።
- ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ
- የሰው አካል ከፊትና ከኋላ የሚታይበት ቀላል ሥዕል። በእጅ የተሳለም ይበቃል።
- የኢትዮጵያንና የአውሮፓን ቀን ጎን ለጎን የያዘ ካላንደር
- ወረቀቱን የጻፈው ክፍል ስልክ ቁጥር

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

ሰውየው አሁን እየደማ ከሆነ ትርጉሙን ተዉት። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጎዝ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በእጅ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳትለቁ ያዙ። «ቆመ ወይ?» እያሉ ማንሳት የረጋውን ደም ይነቅለዋል፣ መድማቱም እንደ አዲስ ይጀምራል። ጨርቁ ቢርስ ሌላ ደርቡበት፣ የታችኛውን አታንሱ። የተፈጨ ቡና፣ ቅቤ፣ ነጭ ጋዝ ወይም አፈር አታድርጉበት። ቁስሉን ያቆሽሹታል ወይም ሥጋውን ይጎዱታል፣ ሐኪሙም ከመስፋቱ በፊት እነሱን በማጠብ ጊዜ ያጠፋል።

የነከሰው ውሻ ከሆነ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡትና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ አድርሱት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም። ክትባቱ የሚሠራው ቀድሞ ሲደርስ ነው።

ደረጃ 1፦ ቃሉን ሳይሆን ሙሉውን መስመር አንብቡ

ከላሰሬሽን በፊትና በኋላ ያሉትን ቃላት በሙሉ ባዶው ወረቀት ላይ ገልብጡ። ቦታው፣ ርዝመቱ፣ ጥልቀቱ፣ የጠርዙ ሁኔታ፣ ባዕድ ነገር መኖር አለመኖሩ እዚያ ነው ያለው። የጠርዝ መግለጫ ካለ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል።

የእጅ ጽሑፉ ካልተነበበ አትገምቱ። ክፍሉ ጋ ደውሉ። በግምት የተሞላ አንድ ቃል ሙሉውን ትርጉም ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል።

ደረጃ 2፦ የተቀደደው ምን እንደሆነ ለዩ

ብዙ ሰው ላሰሬሽን ሲሰማ ቆዳን ብቻ ያስባል። ቃሉ ግን ሦስት ቦታ ይመጣል።

*ቆዳና ከሥሩ ያለው ሥጋ።* የተለመደው ይህ ነው። «የተቀደደ ቁስል» በሉት።

*የውስጥ አካል።* የጉበት ወይም የጣፊያ ላሰሬሽን ሲባል ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። የመኪና አደጋ በደረሰበት ሰው ላይ ያጋጥማል። እዚህ «ቁስል» የሚለውን ቃል ተዉት። «ጉበቱ ቆስሏል» ሲባል ቤተሰብ የቆየ በሽታ ነው ብሎ ይረዳዋል። «በአደጋው ጉበቱ ተቀድዷል» ብላችሁ ጻፉ። አብሮት የደረጃ ቁጥር ካለ እንዳለ አስቀምጡት። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጉዳቱ ይከፋል።

*በወሊድ ጊዜ የሚደርስ መቀደድ።* ይሄኛው አራት ደረጃዎች አሉት። 1ኛው ቆዳን ብቻ ይነካል። 2ኛው ጡንቻ ይደርሳል። 3ኛው የፊንጢጣን መቆጣጠሪያ ጡንቻ ይነካል። 4ኛው እስከ ፊንጢጣው ውስጠኛ ሽፋን ይዘልቃል። ቁጥሩን በፍጹም አትዝለሉ። 3ኛና 4ኛ ደረጃ የደረሰባት እናት ሰገራና አየር የመቆጣጠር ችግር ሊገጥማት ስለሚችል ክትትል ያስፈልጋታል። ይህን የምታውቀው ቁጥሩ ከደረሳት ነው። አዋላጅ ወይም ሐኪም ሆን ብሎ በመቀስ የሚከፍተው ግን ኤፒሲዮቶሚ ይባላል። እሱን «ተቀደደች» ብላችሁ አትተርጉሙ፣ «ለማዋለድ ተቆርጦ ተሰፍቷል» በሉ።

ደረጃ 3፦ ስለ ጠርዙ የተጻፈውን ፈልጉ

ድፎ ዳቦ በእጅ ሲቆረስ አይታችሁ ይሆናል። ሁለቱ ቁራሾች ሲለያዩ በመካከላቸው ቀጫጭን ክሮች ተወጥረው ይቀራሉ፣ ጠርዙም ወጣ ገባ ይሆናል። በቢላ ሲቆረጥ ግን ፊቱ ልሙጥ ነው፣ አንድም ክር አይቀርም። ሰውነትም እንዲሁ ነው። የተቀደደ ቁስል ጠርዙ አይስተካከልም፣ ዙሪያው የተላላጠ ወይም የበለዘ ነው፣ በጥልቀቱ ውስጥ ያልተበጠሱ ቀጫጭን የደም ሥሮችና ነርቮች ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ተዘርግተው ይታያሉ። ስለት የቆረጠው ሁሉንም እኩል ስለሚያልፋቸው እነዚህ ክሮች የሉትም።

ወረቀቱ ላይ «ያልተስተካከለ ጠርዝ»፣ «ዙሪያው የበለዘ» ወይም «በመካከሉ የሥጋ ክር ያለው» የሚል ካገኛችሁ ትክክለኛ የተቀደደ ቁስል ነው። «የተስተካከለ ጠርዝ» ወይም «ንጹሕ ጠርዝ» ካለ ሐኪሙ ቃሉን በልማድ ሳይጽፈው አልቀረም፣ ጠይቁት። ስለ ጠርዝ ምንም ከሌለም ጠይቁ። መጠየቅ ካልተቻለ «የተከፈተ ቁስል፣ በወረቀቱ አጠራር ላሰሬሽን» ብላችሁ አስቀምጡት። ይህ ስለቱንም ሆነ ድንጋዩን አይጨምርም።

ጥንቃቄ፦ ፎቶ አይታችሁ ራሳችሁ አትወስኑ። የራስ ቅል፣ ቅንድብ፣ አገጭና ቅልጥም ላይ ቆዳው አጥንት ላይ የተለጠፈ ያህል ስስ ነው። ሲመታ በሁለት ጠንካራ ነገሮች መሀል ተይዞ ይፈነዳል፣ ጠርዙም ቢላ የቆረጠው ይመስላል። ሐኪሞችም ጠጋ ብለው ካላዩት ይሳሳቱበታል። ቁስሉን በእጃችሁ ከፍታችሁ ለማየት ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩ።

ደረጃ 4፦ የሚገጥመውን ግሥ ምረጡ

አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው። አያቶቻችን ቁስሉን ሲጠሩት እንዴት እንደመጣም አብረው ይናገራሉ። ይህ ጥቅምም አደጋም አለው፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል መዝኑ።

*ተቀደደ።* ለወረቀት የሚሆነው ዋናው ቃል ይህ ነው። ለቆዳም፣ ለውስጥ አካልም፣ ለወሊድም ይሠራል። ምክንያቱን አይናገርም። መቀደዱ ታውቆ የትኛውን ግሥ እንደምትመርጡ ስትጠራጠሩ ወደዚህ ተመለሱ።

*ተፈነከተ።* የራስና የግንባር ነው። ድንጋይ፣ ዱላ፣ የበር ጠርዝ ወይም ውድቀት የከፈተው። እጅና እግር አይፈነከትም። እናት «ልጄ ተፈነከተ» ስትላችሁ ቦታውንም ዓይነቱንም ነግራችኋለች፦ ራሱ ላይ፣ በምት የተቀደደ። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ይህን ቃል ለሐኪም «ተቆረጠ» ብዬ አስተላለፍኩት። ሐኪሙ «በምን ስለት?» ብሎ ጠየቀ፣ እናትየዋም ደነገጠች። ልጁ የሲሚንቶ ደረጃ ጠርዝ ላይ ነበር የወደቀው። ከዚያ ወዲህ ቃሉን «ራሱ በምት ተቀድዷል» ብዬ ነው የማስተላልፈው።

*ተሸረከተ።* ሚስማር፣ የቆርቆሮ ጠርዝ ወይም እሾሃማ ሽቦ ይዞ ሲጎትተው ነው። ረዘም ያለ፣ ወጣ ገባ ቅድ ነው። እንዲህ ያለውን ስትሰሙ ስለ ቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) ክትባት ጠይቁ።

*ተቦጨቀ።* ጥርስ ያነሳው። ሥጋው ከቦታው ተነስቷል ማለት ነው፣ ቅድ ብቻ አይደለም። «ውሻ ቦጨቀው» ስትተረጉሙ «ነከሰው» ብላችሁ አታሳንሱት።

*ተገሸለጠ።* ቆዳው ከሥጋው ተለይቶ እንደ ልጣጭ የተነሳ። ሐኪሞች አቨልዥን የሚሉት ይህን ነው። *ተዘነጠለ* የሚለው ደግሞ እንደ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ለተንጠለጠለ ነው፣ ጉትቻ ተጎትቶ የቀደደውን የጆሮ ጫፍ አስቡ።

*ተተረተረ።* ይሄ ያሳስታል። ሰው «ቁስሉ ተተረተረ» ሲል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ሥጋው በረዥሙ ተከፈተ፣ ወይም የተሰፋው ስፌት ተፈታ። ለሐኪሙ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ሁልጊዜ «ስፌቱ ነው ወይስ አዲስ ቁስል ነው?» ብላችሁ አጣሩ።

*ተሰነጠቀ።* አጥንትም ይሰነጠቃል። «ግንባሩ ተሰንጥቋል» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው ስብራት ሊመስለው ይችላል። ብትጠቀሙበት «ቆዳው» የሚለውን ጨምሩ።

ከላሰሬሽን ጋር የማይቀላቀሉትም አሉ። *ተላጠ፣ ተጫረ፣ ተቧጨረ* የላይኛው ቆዳ ብቻ ሲነሳ ነው፣ አብሬዥን። *በለዘ* ቆዳው ሳይከፈት ከሥሩ ደም ሲቋጠር ነው፣ ኮንቲውዥን። *ተወጋ* ጠባብ ሆኖ ጥልቀቱ ከርዝመቱ ሲበልጥ ነው። *ተቆረጠ* ስለት በርዝመት ሲከፍተው ነው።

አሁን ደግሞ የግሡን መልክ እዩ። «ፈነከተው»፣ «ቀደደው» ስትሉ አድራጊ አለ ብላችኋል። «ተፈነከተ»፣ «ተቀደደ» ስትሉ አድራጊውን አልነካችሁም። ሐኪሙ ማን እንደመታው አላየም። ስለዚህ ቁስሉን በምትገልጹበት መስመር ላይ ሁልጊዜ በ«ተ» የሚጀምረውን ተጠቀሙ።

ደረጃ 5፦ ቦታና ልክ

የአካሉን ሥዕል አውጡና ቁስሉን ምልክት አድርጉበት። ግራና ቀኝ የታካሚው ግራና ቀኝ ነው፣ ከፊቱ የቆመው ሰው አይደለም። ፎቶ ደግሞ አንዳንዴ እንደ መስታወት ተገልብጦ ይወጣል። ሥዕሉ ከዚህ ስህተት ያድናችኋል።

ልኩን በቁጥርና በወረቀቱ መለኪያ ጻፉ፦ 4 ሳንቲሜትር። «አንድ ጣት ያህል» አትበሉ፣ የማን ጣት እንደሆነ አይታወቅም። ሚሊሜትርና ሳንቲሜትርን አትቀላቅሉ።

ደረጃ 6፦ የታየውንና የተነገረውን ለዩ

ወረቀቱ ውስጥ ሁለት ድምፅ አለ። አንዱ የሐኪሙ ነው፦ ያየው፣ የለካው፣ የሰፋው። ሌላው የታካሚው ነው፦ «በዱላ ተመታሁ»። ሁለተኛውን ሁልጊዜ «ታካሚው እንደተናገረው» በሚል መስመር ለብቻው ጻፉ። ካዋሃዳችኋቸው ሐኪሙ ዱላውን ያየ ይመስላል።

ደረጃ 7፦ ሰዓትና ቀን

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ጉዳቱ ግን ከቃሉ አይተናነስም።

እኛ «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደቀ» ስንል በፈረንጅ ሰዓት 8 ነው። አስተርጓሚው «2» ብሎ ካስተላለፈ ለሐኪሙ ቁስሉ ከእውነተኛው ዕድሜው በ6 ሰዓት ያረጀ ይሆናል። ቁስል በቆየ ቁጥር ጀርም ስለሚራባበት ሐኪሙ አሁን ይስፋው ወይስ ክፍት ይተወው ብሎ ሲወስን ሰዓቱን ይቆጥራል። ስለዚህ «ከስንት ሰዓት በፊት?» ብላችሁ ጠይቁ። «ከሦስት ሰዓት በፊት» የሚለው በየትኛውም አቆጣጠር ያው ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ስፌቱ ሴፕቴምበር 20 ይውጣ የሚል ወረቀት «መስከረም 20» ተብሎ ከተተረጎመ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀን ዘግይቶ ይመጣል። ሴፕቴምበር 20 መስከረም 10 አካባቢ ነውና። የፊት ስፌት በተለምዶ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይወጣል፣ የራስ ቅል ከ7 እስከ 10፣ የእግርና የመገጣጠሚያ ከ10 እስከ 14። ፊት ላይ 10 ቀን ትርፍ መቆየት የክሩን ምልክት ጠባሳ አድርጎ ያስቀረዋል። ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፉ።

የቴታነስ ክትባት መስመርም ካለ እንዳይቀር። ቁስሉ የቆሸሸ ከሆነና ከመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈ፣ ንጹሕና ትንሽ ከሆነ ደግሞ 10 ዓመት ካለፈ፣ ማጠናከሪያ እንደሚሰጥ ለታካሚው ንገሩት። መቼ እንደተከተበ እንዲያስታውስ ይረዳዋል።

ደረጃ 8፦ መልሳችሁ አንብቡ

ዋናውን ሸፍኑና የጻፋችሁትን አማርኛ ብቻ ለሌላ ሰው አንብቡለት። «ምን ሆኖ ነው? በምን?» ብላችሁ ጠይቁት። ወረቀቱ ውስጥ የሌለ መሣሪያ ወይም ሰው ከጠራ የሆነ ቦታ ቃል ጨምራችኋል ማለት ነው። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

እንዲህ ያለ መስመር ደረሳችሁ እንበል፦ «4 ሳንቲሜትር ላሰሬሽን፣ ግራ ቅንድብ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ባዕድ ነገር የለውም፣ በ5 ስፌት ተዘግቷል።»

የተሳሳተው፦ «ዓይኑ አካባቢ በስለት ተቆርጦ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል።»

የተስተካከለው፦ «በግራ ቅንድቡ ላይ 4 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው የተቀደደ ቁስል። ጠርዙ ያልተስተካከለ ነው። በቁስሉ ውስጥ ባዕድ ነገር አልተገኘም። በ5 ስፌት ተዘግቷል።»

በመጀመሪያው ላይ «ስለት» ተጨምሯል፣ «ከባድ» ተጨምሯል፣ ልኩና ስፌቱ ጠፍተዋል። ጉዳቱ ከባድ ነው ቀላል የሚለው በወንጀል ሕጋችን የተለያየ ድንጋጌና ቅጣት ስላለው ተርጓሚ ከራሱ ሊጨምረው አይገባም።

ሌሎች የተለመዱ ስህተቶች

«ቁስል» ብቻ ብሎ መተው። በአማርኛ የጨጓራውም፣ የስኳር በሽተኛ እግር ላይ የሚወጣውም፣ ዛሬ የተፈነከተውም ቁስል ነው። ለሐኪም ስታስተላልፉ «ዛሬ በአደጋ የተከፈተ» ወይም «የቆየ፣ አልድን ያለ» ብላችሁ ለዩት።

ለቤተሰብ ብሎ ማለሳለስ። «ትንሽ ጭረት ናት» የተባለች እናት ስፌት የምታስወጣበትን ቀን አትከታተልም። መግል፣ ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ቢመጣም ችላ ትላለች።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ። የ12 ዓመት ልጅ የእናቱን የወሊድ ጉዳት መተርጎም የለበትም፣ እሷም በእሱ ፊት አትናገረውም። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል።

በቤት የተሠራን ትርጉም ለፍርድ ቤት ማቅረብ። ይህ አሠራር ለቤተሰብ፣ ለሐኪም ቀጠሮና ለራሳችሁ መረዳት ነው። ለፍርድ ቤትና ለኢንሹራንስ ፈቃድ ያለው የትርጉም ቢሮ ያስፈልጋል። እዚያ ስትሄዱም ረቂቁን ከመፈረማችሁ በፊት «ተቆርጦ» የሚል ቃል ገብቶ እንደሆነ እዩት። ካለ፣ ዋናው ወረቀት ላይ የቱን ቃል እንዳዩ ጠይቋቸው።